ፊደል የት ያደርሳል ለምትሉኝ ወገኖቼ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ጊዜ የሌላችሁም ማታ ልጆቹ ሲተኙ ተመለሱበት። ጉዳዩ የእነሱ ነው።

የፊታችን እሑድ የማኅበረሰባችን ስብሰባ አለ። ከአጀንዳዎቹ አንዱ ካንሳንጋ የተከራየናት የቅዳሜ ፊደል ክፍል ትቀጥል ወይስ ትዘጋ የሚል ነው። ሳምንቱን ሙሉ በቴሌግራም ግሩፑ ሲባል የሰነበተውን አንብቤአለሁ። «ልጆቹ ያሉት ኡጋንዳ ነው፣ ነገ የሚሄዱት ካናዳ ነው፣ ሀ ሁ የት ሊያደርሳቸው ነው?» የሚለው መልእክት ብዙ ላይክ አግኝቷል። እንግዲህ እዚያው ግሩፕ ላይ በሁለት መስመር ከመነታረክ እዚህ በሰፊው ልመልስ።

በመጀመሪያ «ነገ» የምትሉትን እንነጋገርበት። ነገ እንሄዳለን እያልን ስንት ዓመት እንደተቀመጥን እያንዳንዳችን እናውቃለን። ፋይሉ ይሄዳል፣ ቃለ መጠይቅ ይባላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀመራል። ፋይሉ ይቆማል እንጂ የልጅ ዕድሜ አይቆምም። የሁለት ዓመት ሕፃን ታቅፎ የተመዘገበ ሰው ዛሬ ልጁን ፒ ቱ እያደረሰ ነው። እና ያ ልጅ ሪሴትልመንት እስኪመጣ ድረስ በአንድም ቋንቋ ሥር ሳይሰድ ይደግ ነው የምትሉን? በቤቢ ክላስ እንግሊዝኛ፣ በሰፈር ሉጋንዳ፣ በቤት አማርኛ ይሰማል፤ በሦስቱም ጥቂት ጥቂት ቃል አለው፤ በአንዱም ግን አንድ ሙሉ ታሪክ መናገር አይችልም። ይህን በየቅዳሜው በዓይኔ አያለሁ።

ሁለተኛ፣ «እንግሊዝኛውን ያደናግርበታል» ትላላችሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጅ ማንበብን የሚማረው አንድ ጊዜ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ምልክት ከአፉ የሚወጣው ድምፅ መሆኑን፣ ድምፆቹ ሲገጣጠሙ የሚያውቀው ቃል እንደሚሆን የሚገባው አንድ ጊዜ ነው። ይህ ከገባው በኋላ ሌላውን ጽሕፈት የሚለምደው በዚያው ዕውቀት ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ቃል አንድ ድምፅ፣ በሌላው ሌላ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይላል። የእኛ ፊደል ግን በ ባየ ጊዜ በ ነው። ደግሞ ትንሽ ልጅ «ማር» የሚለውን ቃል ማ እና ር ብሎ በጭብጨባ መክፈል ይቀለዋል፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻ ነጥሎ መስማት ግን ይከብደዋል። ፊደላችን የተሠራው ለዚያ ለልጅ ጆሮ በሚቀለው መንገድ ነው። ለልጅህ ቀላሉን በር ዘግተህ በከባዱ በር አስገብተኸው «ልጄ ሰነፍ ነው» አትበል፣ ወንድሜ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዩኔስኮ ልጅን ለማስተማር ከሁሉ የተሻለው ቋንቋ የአፍ መፍቻው መሆኑን የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ኡጋንዳም ራሷ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓተ ትምህርት ከፒ ዋን እስከ ፒ ስሪ በአካባቢው ቋንቋ ይማሩ ብላለች። ብዙ ቋንቋ በተቀላቀለባት ካምፓላ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የስደተኛው ልጅማ ከነጭራሹ የማንም ዕቅድ ውስጥ የለም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 እና የኡጋንዳ የ2006 የስደተኞች ሕግ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ አገሬው ሰው መብት ይሰጡናል። ነፃው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚጀምረው ግን ከፒ ዋን ነው። ከዚያ በታች ያለው ዕድሜ፣ ማለትም ፊደል የሚተከልበት ዕድሜ፣ በኪሳችን ላይ የወደቀ ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል እኛ ከዘጋነው የሚከፍትልን ድርጅት የለም።

ሦስተኛው ነገር የሚያናድደኝ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝና በግልጽ እናገራለሁ። እናንተ ክፍላችንን «ይጫወቱባታል እንጂ አይማሩባትም» ያላችሁ እናቶችና አባቶች! ልጄ በቤቢ ክላስ ሁለት ደብተር ጨረሰ ብላችሁ የምትኮሩት ምኑን ነው? የሦስት ዓመት ልጅ ከ1 እስከ 100 ጻፍ ተብሎ ሆምወርክ ይዞ ይመጣል። ልጁ እያለቀሰ እናትየው እጁን ይዛ ትጽፍለታለች፤ መምህሯ በማግሥቱ ቀይ ምልክት ታደርግበታለች። ማን ምን ተማረ? በዚህ ዕድሜ ከእጅ አንጓ አጥንቶች ብዙዎቹ ገና አጥንት አልሆኑም፣ ለስላሳ ናቸው። እርሳሱን በጡጫ ጨብጦ የሚይዘው ስለሰነፈ ሳይሆን ጣቱ ስላልደረሰ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። እጁ ሳይጠነክር እርሳስ የተጫነበት ልጅ ፒ ዋን ሲገባ መጻፍን የሚጠላ ልጅ ይሆናል። «ለፒ ዋን መግቢያ ይፈተናሉ» የሚለውን ስጋታችሁን አውቃለሁ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ግን በሦስት ዓመቱ እያለቀሰ የጻፈ ልጅ በስድስት ዓመቱ ከሌላው አይበልጥም። የሚበልጠው ጣቱ የጠነከረው፣ ጆሮው የነቃው፣ ብዙ ታሪክ የሰማው ነው።

«ይጫወታሉ» ያላችሁትን እኮ አይታችኋል። ሊጥ ይድቦለቦላል፣ ምስር ይለቀማል፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጣል፣ አሸዋ ላይ በጣት መስመር ይሰመራል። ምስር የሚለቅሙት ሁለቱ ጣቶች ነገ እርሳስ የሚይዙት ጣቶች ናቸው። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ማስመር የለ እና የበ እግር መጀመሪያ ነው። ይህን ሁሉ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ያለምንም ክፍያ ማድረግ ትችላላችሁ። የኔ እናት፣ ምስር ስትለቅሚ ልጅሽን ስልክ አስይዘሽ ከምታስቀምጪው አጠገብሽ አስቀምጪውና አብሮሽ ይልቀም።

አራተኛ። ከሌላው ወገን ያላችሁትን ደግሞ አልለቃችሁም፤ «ድሮ እኛ በአለንጋ ነው የተማርነው፣ አሁንም ገበታውን ጮክ ብለው ይበሉት፣ ያልቻለ ይገረፍ» የምትሉትን። በመጀመሪያ በትምህርት ቤት ልጅን መምታት በዚህ አገር ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሕፃናት ሕግ ማሻሻያ ይከለክለዋል። ስደተኛ ሆነን የአስጠጋንን አገር ሕግ በልጆቻችን ጀርባ ላይ አንጥስ። ሁለተኛ፣ ገበታውን በዜማ ማለት ማንበብ አይደለም። በክፍላችን አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አለ። ከሀ እስከ ፐ አንድ ሳይስት ይወርደዋል፤ አባቱ በስልክ ቀርፆ ለዘመድ ሁሉ ልኳል። ቴን ለብቻዋ በካርድ ጽፌ ሳሳየው ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከሀ ይጀምራል። ፊደሏን አያውቃትም፤ የሚያውቀው ዘፈኑን ነው።

ይህን ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን አሳምረው ያውቁት ነበር። ለዚህም ነው ሀ ሁን ካስቆጠሩ በኋላ አቡጊዳን ያመጡት፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ይለወጣል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ ስለዚህ በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ቅደም ተከተሉን ያፈረሱት ልጁ በትክክል ማየቱን ለማረጋገጥ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ንባብ ሲቀድም ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ዳዊት እየደገሙ የማይጽፉ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ አባቶችን የምትጠሩ ከሆነ ዱላቸውን ብቻ አትውረሱ፤ ብልሃታቸውንም ውረሱ።

እኛም ያንኑ ነው በሌላ መንገድ የምናደርገው። 231ዱን ፊደል በአንድ ጊዜ አናፈስባቸውም። የምንጀምረው ከእያንዳንዱ ልጅ ስም ነው፤ ልጅ ከፊደል ሁሉ ቀድሞ የሚወደው የስሙን መጀመሪያ ነውና። ከዚያ ሰባት ፊደል እንመርጣለን፦ ላ፣ ም፣ ሳ፣ ር፣ ማ፣ ራ፣ ስ። በእነዚህ በሰባቱ ብቻ ላም፣ ሳር፣ ማር፣ ራስ፣ ስም የሚሉ አምስት ቃላት ይነበባሉ። ልጁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ «ማር» ብሎ አንብቦ ማር የት አለ ብሎ ይጠይቃችኋል። ያኔ ነው ማንበብ ምን እንደሆነ የገባው። ሀን እናዘገያታለን፤ ምክንያቱም ሀ እና ሃ በአፋችን አንድ ድምፅ ናቸው፤ የገበታው የመጀመሪያ ፊደል ራሷ ከሥርዓት የወጣች ናት። ቀጥሎ ቤተሰብ እናሳያቸዋለን፦ ሰ ባርኔጣ ሲያደርግ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ ይሆናል። ካዕብ ወገቡ ላይ ቅጥያ አለው፤ ሣልስ እግሩ ሥር፤ ኃምስ ቀለበት ያንጠለጥላል። የማይታዘዙትንም እየሳቁ ይይዟቸዋል። ይህን ነው «ጨዋታ» ያላችሁት።

ለእናንተ በቤት ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «አለ» የሚለውን ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ብሎ የሚያነበው ቋንቋውን ቀድሞ በጆሮው የሰማ ልጅ ብቻ ነው። «ገና»ም እንዲሁ፤ በዓሉን ከ«ገና ነው» የሚለየው ጆሮ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሰዓት እኔ ጋ ልካችሁ ቀሪውን ስድስት ቀን ከልጃችሁ ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ የምታወሩ ከሆነ የማስተምረው ፊደል አየር ላይ ይቀራል። ተረት ንገሩት። ወደ ገበያ ስትሄዱ አውሩት። አባት ሆይ፣ ከሥራ ስትመጣ «ምን ዋልክ?» በለው፤ ሲመልስም እስከ መጨረሻው ስማው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በአረብ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችንም አላችሁበት። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን በቪዲዮ ስትደውሉ ልጁ በእንግሊዝኛ ሰላም ሲላችሁ ታጨበጭባላችሁ፤ በአማርኛ ሲመልስ ዝም። ልጅ የተጨበጨበለትን ይዞ ያድጋል። በዚያኛው መስመር ያለችው አያት ግን ልጅ ልጇ የሚለው አይገባትም፤ ስልኩን ለሌላ ሰው ታቀብላለች። ከአገር መለየት አንሶ ከአያት ቋንቋ መለየት ሲጨመርበት ስደቱ ሁለት ጊዜ ይሆናል።

ይህን በአማርኛ ስለጻፍኩ ለአማርኛ ብቻ የምሟገት አይምሰላችሁ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ወገኔ ልጁን በቁቤ ያስተምር፤ ክፍል ካጣ የእኛን ክፍል እሑድ ከሰዓት ይውሰድ። የኤርትራ ጎረቤቶቻችን ልጆች ከእኛው ጋር ናቸው፤ ገበታው አንድ ነው፣ ለትግርኛ እንደ ቐ ያሉትን እንጨምራለን። በአገር ቤት የፖለቲካ ጠብ የሚነሣበትን ፊደል እነዚህ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአሸዋ ላይ ይጽፉታል።

ደግሞ ድህነትን ምክንያት አታድርጉብኝ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቶቻችን ቀን እርሻ ውለው፣ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጥረዋል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ዩኔስኮም ሸለመው። ዘመኑን ውደዱት ጥሉት፣ ብዙዎቻችን ያደግነው ያኔ ማንበብ በተማረች እናት እጅ ነው። የእነዚያ ሴቶች የልጅ ልጆች በክፍል ኪራይ ጭቅጭቅ ፊደል ሳያውቁ ቢቀሩ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ለበዓል ዝግጅት ለአዳራሽና ለድምፅ ማጉያ ገንዘብ ሲዋጣ «የት ያደርሰናል?» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ስለዚህ እሑድ የምጠይቀው ይህን ነው፦

1. የቅዳሜው ክፍል ኪራይ ቢያንስ እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ይከፈል።

2. ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የጽሕፈት ሆምወርክ እንዲቀር ወላጆች ተሰባስበን የምናስተምርባቸውን የግል ትምህርት ቤቶች እናነጋግር። ብቻውን የሄደ ወላጅ አይሰማም፤ አሥር ሆነን ከሄድን ይሰሙናል።

3. ማንበብ የምትችሉ ወጣቶች በተራ ኑ። ስቃችሁ ተረት ማንበብ ከቻላችሁ ይበቃል፤ ሌላውን እዚያው እናሳያችኋለን።

4. እያንዳንዱ ቤት ግድግዳው ላይ የልጁን ስም በትልቁ ይጻፍ። ዛሬ ማታ። ይህ ስብሰባም ገንዘብም አይጠይቅም።

መዝጋት አለበት የምትሉ ካላችሁ በግሩፕ ላይ አትንገሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ክፍት ነው፤ መጥታችሁ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ልጆቹ «ማር» ሲሉ ስሙና ከዚያ እሑድ ድምፃችሁን ስጡ።

ካምፓላ ላላችሁ ሁሉ እንዲደርስ ሼር አድርጉልኝ። ናይሮቢና ካኩማ ያላችሁም እንዴት እንደያዛችሁት በኮሜንት ጻፉልን፤ እንማማር።