መነሻው የልጆቹ ዕጢ ይሁን

ጨረቃን በመጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ ልጁን ካረንን በሞት የተነጠቀው በጥር 1962 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ዲአይፒጂ የሚባለው የአንጎል ግንድ ዕጢ ይዟት ሐኪሞች ጨረር ሰጧት፤ ለጊዜው ተሻላት፤ ቆይቶ አገረሸባት። ከስድሳ ዓመት በኋላም ዋናው ሕክምና ያው ጨረር ነው፤ አብዛኞቹ ታማሚ ልጆች ከዓመት ብዙም አይዘልቁም።

ዕጢው መተንፈስንና መዋጥን ከሚመሩ ጤነኛ ሕዋሳት ጋር ተጠላልፎ ስለሚያድግ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። ናሙና መውሰድም ተፈርቶ፣ በሽታው ለአሥርት ዓመታት በምስል ብቻ ይለይ ነበር። የሕዋሱ ገጽ ላይ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ደግሞ ዒላማውን የሚለይ መድኃኒት ከየት ይመጣል?

መንገዱን የከፈቱት ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ናቸው። የስታንፎርዷ ሐኪም ሚሼል ሞንጄና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሞተ ልጅ በቤተሰቡ ፈቃድ የተለገሰ ዕጢ በላብራቶሪ ማራባት መቻላቸውን አሳዩ። በኋላ በእንዲህ ዓይነት ሕዋሳት ገጽ ላይ ጂዲ2 የሚባል ሞለኪውል ተትረፍርፎ ተገኘ።

ከዚህ የተወለደው ሕክምና ልብ ይነካል። የታማሚው የራሱ ቲ ሕዋሳት (የሰውነት በሽታ ተከላካዮች) ከደሙ ተለይተው ጂዲ2ን የሚያውቅ ተቀባይ ይበጅላቸዋል። መጀመሪያ በደም ሥር፣ ከዚያም ከራስ ቆዳ ሥር በተቀበረች ትንሽ ማጠራቀሚያ በኩል ወደ አንጎል ፈሳሽ ይገባሉ። ዕጢውን ሲያጠቁ ያ ጠባብ ቦታ ስለሚያብጥ ብርቱ ክትትል ያሻል። በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣው ውጤት፣ ሕክምናውን ካገኙ 11 ልጆችና ወጣቶች የአራቱ ዕጢ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ ከአራቱም የአንዱ ከምስሉ ላይ ጨርሶ ጠፍቷል።

በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚሁ ዓይነት ዕጢዎች ለሚውለው ዶርዳቪፕሮን ለተባለ መድኃኒት የተፋጠነ ፈቃድ ሰጠ። መድኃኒቱ የዶፓሚንን ዲ2 ተቀባይ ይዘጋል፤ በሕዋሱ ውስጥም ሌላ ፕሮቲን ይነካል። ከተገመገሙት 50 ታማሚዎች ዕጢያቸው ምላሽ የሰጠው 22 ከመቶ ነበሩ። አማራጭ ላጣ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከ50ዎቹ አብዛኞቹ አዋቂዎች ሲሆኑ፣ ዲአይፒጂ ያለባቸው በስሌቱ አልተካተቱም። የልጆች በሽታ መድኃኒት በአዋቂዎች ቁጥር ሲመዘን ዝም ሊባል አይገባም፤ ሙከራው ከልጆቹ መጀመር አለበት።

ለዚህ ደግሞ ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናውን በጥንቃቄ መውሰድ የሚችል የነርቭ ቀዶ ሐኪም ባለበት ሁሉ፣ ሐኪሞች ጉዳዩን ለወላጆች ገና በምርመራው ሰሞን ማስረዳት ይገባቸዋል። ዶርዳቪፕሮንም ሆነ የጂዲ2 ሙከራ የሚቀበለው በዕጢው ውስጥ ኤች3 ኬ27ኤም የተባለው የዘረመል ለውጥ የተገኘበትን ታማሚ ነውና።