አንበሳውና ጢማሟ ልጃገረድ

አዲሱ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት አያት ሰሞኑን የጠየቁኝ ነገር የብዙዎቻችሁ ቤት ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም። የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጋ ከፍላሽ አንድ ፊልም እየከፈቱ ይደጋግማሉ። በፊልሙ ውስጥ ሚስቱ ሞታበት ከሰው የተሸሸገ ሽማግሌ አንበሳ አለ። ድሮ ስመ ጥር ዘፋኝ ነበር፤ ዘፈኑን ትቷል። «እነዚህ እግራቸው መሬት የማይረግጥ ልጆች እሱ ሲዘፍን ፀጥ ይላሉ። ለመሆኑ ሰውዬው ማነው? ለልጅስ ይሆናል?» አሉኝ።

ፊልሙ «ሲንግ 2» ይባላል፤ በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ፣ እንስሳት የሚዘፍኑበት አኒሜሽን ነው። የአንበሳው ስም ክሌይ ካሎዌይ ሲሆን ድምፁን ያዋሰው የአየርላንዱ የሮክ ባንድ የዩቱ ድምፃዊ ቦኖ ነው። ይህ ሰው ከእኛ አገር ጋር የቆየ ታሪክ አለው፤ እደርስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን የፊልሙን ነገር እንጨርስ፤ ታዋቂ ዘፋኝ ፊልም ላይ ለእንግድነት ብቅ ሲል ምን እንደሚባል፣ እኛስ ከልጆቻችን ጋር ስናይ ምን ብንል ይሻላል የሚለውን።

ቦኖ በዘፈን ፊልም ላይ ብቅ ሲል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁሊ ቴይሞር «አክሮስ ዘ ዩኒቨርስ» የሚል ፊልም ሠርታ ነበር። የቬትናም ጦርነት የአሜሪካን ወጣት ባመሰበት ዘመን የተዋደዱ ሁለት ልጆች ታሪክ ነው፤ የሚዘፈኑት ከ30 በላይ ዘፈኖች ሁሉም የቢትልሶች ናቸው። ቦኖ እዚያ ውስጥ ዶክተር ሮበርት የሚባል ሰው ሆኖ ይመጣል። ሰፊ ባርኔጣ ደፍቷል፣ ሪዝ አሳድጓል፣ አነጋገሩን አሜሪካዊ አድርጓል። ወጣቶቹን በቀለም ያበደ አውቶቡስ ላይ ይጭናል፣ አንድ ዘፈን ይዘፍናል፣ ከዚያ የለም።

ተቺዎች በፊልሙ ላይ አልተስማሙም። የአሜሪካው ዕውቅ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት አራት ኮከብ ሙሉ ሰጠው፤ ሌሎች ደግሞ ረዘመ፣ ታሪኩ ለዘፈኖቹ መስቀያ ሆነ ብለው አጣጣሉት። ገበያውም አልቀናውም፤ ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ግማሹን እንኳ ከሲኒማ ቤት አልመለሰም። ስለ ቦኖም የተባለው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ወገን «ራሱን አቅልሎ ተጫወተ፣ አዝናናን» አለ። ሌላው ወገን «ዶክተሩን አላየንም፣ ያየነው ባርኔጣ የደፋ ቦኖን ነው» አለ።

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ምክንያቴ እዚያው ፊልም ውስጥ አለ። ሌላው የሮክ ዘፋኝ ጆ ኮከር በአንድ ዘፈን ውስጥ ብቻ ሦስት የተለያየ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ አንደኛው የባቡር ጣቢያ ጎዳና ተዳዳሪ ነው። ያን ለማኝ ሳይ እንደ ለማኝ ነው ያየሁት። ስሙ ትዝ ያለኝ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዳ ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ ቤቱ ለሌላ ሰው ድግስ መሆኑን የሚያውቅ። (ወላጆች ልብ በሉ፤ የዶክተር ሮበርት አውቶቡስ ጉዞ አደንዛዥ ዕፅ ያለበት ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ ብለውበታል። ለታናናሾቹ አትክፈቱላቸው።)

ይህ በሽታ የሩቅ አገር ብቻ መስሏችሁ እንዳትስቁ። እኛም ጋ ድምፃዊው በፖስተር ላይ ከዋናው ተዋናይ እኩል ተለጥፎ፣ ሲኒማ ስንገባ የሠርግ ትዕይንት ላይ ሦስት ደቂቃ አጨብጭቦ የሚሄድበት ፊልም ስንቱ ነው! ለትኬቱ የከፈለው አባት ግን ልጁ «አለበት» ብላው ነው የመጣው። ደግነቱ ሌላም መንገድ አለን። ጊታሯን ይዛ የወጣችው ዘሪቱ ከበደ «ቀሚስ የለበስኩለት»ንም «ታዛ»ንም ስትሠራ እንደ ተዋናይ ነው የመጣችው፤ ሙሉውን ሸክም ተሸክማ። ደግሞ የኛ አገር መድረክ በቀድሞው ጊዜ ድምፃዊና ተዋናይ ብሎ ብዙም አይለይም ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴያትር ዘፈኑንም ጨዋታውንም በአንድ መጋረጃ ውስጥ ያሳደገ ቤት ነው፤ ታላቁ ጥላሁን ገሠሠም ገና በልጅነቱ የገባው እዚያ ነው። አያቶች ይህን ከእኔ በተሻለ ትነግሯቸዋላችሁ።

ወደ አንበሳው ልመለስ። «ሲንግ 2»ንም የተቹት አሉ፤ ዝነኛ ዘፈኖችን የሚያዞር ሱቅ ነው ያሉትን አነባለሁ፣ ግማሽ እውነት አላቸው። ቦኖ ግን እዚህ ላይ ፊቱ የለም፤ ባርኔጣ የለ፣ ሪዝ የለ። የቀረው የደከመ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ የሚያዩት ሰውዬውን ሳይሆን ሐዘንተኛውን ነው። ክሌይ ሚስቱ ከሞተች አሥራ አምስት ዓመት ዘፍኖ አያውቅም። መጨረሻ ላይ መድረክ ሊወጣ ሲል ይፈራል፤ አሽ የምትባለው ጃርት ዘፈኑን ትጀምርለታለች፣ ሕዝቡ ይቀበላታል፣ ያኔ ነው አፉ የሚፈታው።

ይህን ቦታ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። የዛሬ ልጅ ሰውዬው ሚስቱ ስለሞተች ለምን መዝፈን እንዳቆመ አይገባውም፤ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። ሐዘን በገባበት ቤት ሬዲዮ የማይከፈትበት፣ ጎረቤቱም ሠርግ ካለው ከበሮውን አፍኖ የሚመታበት ጊዜ አይታችኋል። ለሐዘንም ልክ እንዳለው ታውቃላችሁ። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፤ ከዚያ ወዳጅ ዘመድ መጥቶ «በቃሽ» ብሎ ጥቁሩን ያስወልቃል። ክሌይ ያጣው ይህን የሚለው ሰው ነው። ጃርቷ የሠራችውም የጎረቤት ሥራ ነው። ለልጅ ይሆናል ወይ ላሉኝ እናት መልሴ ይኸው ነው፤ እርስዎ አጠገባቸው ካሉ በደንብ ይሆናል።

አሁን ወደ ቆየው ታሪክ። በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ፤ ዩቱም ለንደን ላይ ተጫወተ። አዲስ ዓመት እንደገባ ቦኖ ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ወደ ወሎ መጣ። አጅባር በሚገኝ የተረጂዎች መጠለያ አንድ ወር ያህል ሠሩ። ከሥራቸው አንዱ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ አጫጭር ዘፈኖችና ጨዋታዎች አዘጋጅቶ ለሕፃናቱ ማስለመድ ነበር፤ ልጆቹ ተምረው ለሌላው እንዲያስተላልፉ። ጸጉሩ ረጅም፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ፣ አገጩ ላይ ጢም ስለነበረው የመጠለያው ሰዎች «ጢማሟ ልጃገረድ» ይሉት እንደነበር ራሱ እየሳቀ አውርቷል።

ይህች ስም ከአራት ኮከብና ከሁለት ኮከብ ሁሉ የምትበልጥ ትችት ትመስለኛለች። አጅባር ላይ ዩቱን የሚያውቅ አልነበረም። ፊቱን አይተው የሚጮኹለት አልነበሩም። ዘፈኑ ለልጁ ካልገባው አልገባውም፤ ከጠቀመው ደግሞ ማን እንደዘፈነው አያስጨንቀውም። ለቦኖ ከሆሊውድ ካሜራ ይልቅ ያ መድረክ የከበደ ነበር ብዬ አስባለሁ። ስለ እኛ በዚያ ዘመን ውጭ የተዘፈኑት ዘፈኖች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የያዘ አገር ገናን ማወቅ አለማወቁን የጠየቀው ዘፈን እስከ ዛሬ ያንገበግበናል፤ ቦኖም አንድ ስንኝ የዘፈነበት ነው። እሱን ሌላ ቀን።

ከአጅባር ይዞ የሄደውን አንድ ነገር ደጋግሞ ተናግሯል። ሊሄድ ሲል አንድ አባት ሕፃን ልጁን ይዞ መጥቶ ውሰድልኝ አለው፤ አየርላንድ ሄዶ ልጁ ይተርፍ እንደሆነ። ቦኖ እንቢ አለ፤ ደንቡም አይፈቅድም ነበር።

ይህን ለቤተሰቤ ያወራሁት አንድ እሑድ ማታ ነው። ልጄ ስለ ቦኖም ስለ አንበሳውም አልጠየቀችም። «ሕፃኑስ?» አለች። ጎረቤታችን፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚወስዱትን ጥጥ ሲፈትሉ የሚያመሹት እማማ፣ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ መለሱላት፦

«ከተረፈ አርባ ዓመት አልፎታል። የልጆች አባት ሆኗል።»