የንግድ ስም ያለ ጠባቂ አይኖርም፤ የፎርድ ቶረስ ታሪክ ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

አንድ የንግድ ዕቃ በገበያ ላይ መልካም ስም ካተረፈ በኋላ ስሙ በራሱ ጉልበት የሚኖር የሚመስላቸው ነጋዴዎች ጥቂቶች አይደሉም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የተባለው ለሰው እውነት ነው፤ ለንግድ ዕቃ ግን አይሠራም። የዕቃ ስም በየጊዜው በሥራ ካልታደሰ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ይሞታልና። ለዚህም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የተሠራው ፎርድ ቶረስ የተባለው መካከለኛ የቤተ ሰብ አውቶሞቢል በቂ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቶረስ የተወለደው በጭንቅ ጊዜ ነው። የፎርድ ኩባንያ ከ1980 እስከ 1982 በነበሩት ሦስት ዓመታት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የነዳጅ ዋጋ በመናሩ ብዙ ገዢ ከባዶቹን የአሜሪካ መኪናዎች ትቶ ነዳጅ ወደሚቆጥቡት የጃፓን ሥራዎች አዘንብሎ ነበር። የኩባንያው መሪዎች ኪሣራውን ሰበብ አድርገው አሮጌውን መኪና እየቀባቡ ለመሸጥ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ይህን ትተው፣ ከመሠረቱ አዲስ ለሆነ አውቶሞቢል 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል መደቡ።

ከገንዘቡም ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው የአሠራሩ ዘዴ ነው። በቀድሞው ልማድ ነዳፊው ቅርጹን አውጥቶ ለመሐንዲሱ፣ መሐንዲሱ ለፋብሪካው፣ ፋብሪካውም ለሻጩ ያስተላልፍ ነበር እንጂ ሁሉም በአንድ ጉባዔ ተቀምጠው አይመካከሩም ነበር። የቶረስ ሥራ መሪ የነበረው ሉዊስ ቬራልዲ ግን ነዳፊዎችን፣ መሐንዲሶችን፣ የፋብሪካ ሰዎችንና የዕቃ አቅራቢዎችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድነት አሠራ። የተፎካካሪ ኩባንያዎች መኪናዎች እየተገዙ ተፈታትተው ተመረመሩ፤ ከየአንዳንዱ የተሻለው ነገር እየተለየ የሥራው መለኪያ ሆነ። ተራ የፋብሪካ ሠራተኞች እንኳ ሐሳባቸውን ተጠየቁ። እነርሱም ብሎኖቹ ልዩ ልዩ ራስ ስላላቸው መፍቻ ሲቀያይሩ ጊዜ እንደሚባክን አመለከቱ፤ አቤቱታቸውም ተሰምቶ የብሎኑ ራስ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተደረገ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

በዲሴምበር 1985 ቶረስ ለገበያ ቀረበ። በጃክ ቴልናክ መሪነት የተነደፈው ክብ ቅርጹ በማዕዘናም መኪናዎች መካከል እንግዳ ነበር፤ ይሁንና ሕዝቡ ወደደው። በ1992 ከ400,000 በላይ ተሽጦ፣ የጃፓኑ ሆንዳ አኮርድ ይዞት የነበረውን የአሜሪካ አውቶሞቢል ገበያ አንደኛነት ወሰደ፤ እስከ 1996 ድረስም ቦታውን አልለቀቀም።

ውድቀቱ የጀመረው በዚሁ በክብሩ ዘመን ነው። ሦስተኛው ትውልድ በ1996 ሞዴል ሲወጣ፣ የቀድሞውን ድፍረት ለመድገም ታስቦ የኋላ መስተዋቱ ሳይቀር ሁሉ ነገሩ እንደ ዕንቁላል ሞላላ ተደረገ። የመጀመሪያው ድፍረት ግን የገዢውን ችግር ለማቃለል የመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለመታየት ብቻ የመጣ መሰለ። በ1997 የቶዮታ ካምሪ አንደኛነቱን ነጠቀ። የቶዮታ ሰዎች በዚያው ዓመት ያወጡት ሞዴል የሚያስገርም ቅርጽ አልነበረውም፤ የማምረቻውን ወጪ ቀንሰው ገዢው የሚያውቀውን ጠንካራነት ግን ጠብቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ የደረሰው ከቅርጽ ስሕተት የከፋ ነው። ፎርድ ትርፉን በብዛት ያገኝ የነበረው ከፒክአፕና እንደ ኤክስፕሎረር ካሉት ከፍ ያሉ መኪናዎች ስለ ነበር፣ ገንዘቡንና አሳቡን ወደዚያ አዞረ። በ2000 ሞዴል መጠነኛ እድሳት ከተደረገለት በኋላ ቶረስ ተዘነጋ፤ ሽያጩም እየዋለ እያደረ ለመኪና አከራይ ድርጅቶች ሆነ። በኦክቶበር 2006፣ 7 ሚሊዮን ያህል ከተሸጠ በኋላ፣ በአትላንታ ፋብሪካ ምርቱ ቆመ።

በዚያው ዓመት የኩባንያው ሹም ሆኖ የመጣው አለን ሙላሊ እንዲህ ያለ የታወቀ ስም መጣሉን ተቃውሞ እንዲመለስ አደረገ። በ2007 ፋይቭ ሀንድረድ የተባለው ሌላ መኪና በጥቂቱ ተሻሽሎ ቶረስ ተባለ፤ በ2009 ደግሞ አዲስ ትውልድ ወጣ። ነገር ግን የተመለሰው መኪና ከቀድሞው የገዘፈና ዋጋውም የናረ ስለ ነበር ስሙን እንጂ የቀድሞውን ገዢ አላገኘም። በማርች 2019 ቶረስ በተወለደበት አገር መሠራቱ ለሁለተኛ ጊዜ አበቃ።

ገዢው ሕዝብ ራሱ ወደ ከፍተኛ መኪናዎች ስለ ዞረ ኩባንያው ጥፋት የለበትም የሚሉ አሉ። ገበያው መለወጡ አይካድም፤ ፎርድም ትርፍ ወዳለበት መሄዱ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ካምሪ በዚሁ በተለወጠው ገበያ ውስጥ በ2024 እንኳ በአሜሪካ ከ300,000 በላይ ተሽጧል። ስለዚህ የቤተ ሰብ አውቶሞቢል ፈላጊ ጠፋ ማለት አይቻልም፤ የጠፋው የፈላጊውን እምነት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሸጋግር ትጋት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ አዲሱ ትርፍ የተገኘው የቆየውን ደንበኛ በመልቀቅ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴም ሆነ ባለ ፋብሪካ ሊወስደው የሚገባ ትምህርት አለ። በችግር ቀን ሁሉም ይመካከራል፣ ሁሉም ይደፍራል። ከባዱ ፈተና ገበያው ሞቅ ባለበት ዓመት ከትርፉ ላይ ቀንሶ ያንኑ ትርፍ ላስገኘው ዕቃ መመለስ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ስሙን እየሸጠ ይበላል እንጂ አይነግድም፤ ስሙም ባለቀ ቀን መልሶ ለመግዛት የሚከፍለው ዋጋ፣ ለጥበቃው ሊከፍል ከሚገባው እጅግ የበለጠ ይሆናል።