የዓመቱ ምርጥ ፊልም? የማን ዓመት?

ወገን፣ የእኛ ዓመት የሚያልቀው በጳጉሜን ነው። አንተ ግን ፈረንጅ ዓመቱን እስኪዘጋ ጠብቀህ «የዓመቱ ምርጥ 10 ፊልሞች» ብለህ ትለጥፋለህ። አስሩም የሰው አገር!

«የእኛ ፊልም አይረባም» እንዳትለኝ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ተሸልሟል። «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ባዕድ የሸለመውን አንተ አይተኸዋል?

ደካማ ፊልም የለንም አላልኩም፤ ሞልቷል። ግን ለጥሩው ትኬት ካልቆረጥንለት፣ ካላወራንለት ባለሙያው ቀጣዩን በምን ይሥራው?

ለሆሊውድ በነፃ ማስታወቂያ መሥራት ይብቃህ! ዘንድሮ ከፍለህ ያየኸውን አንድ የአገርህን ፊልም ዝርዝርህ ውስጥ አስገባ። ከሌለህ፣ በዚህ ሳምንት ሲኒማ ግባ። ሼር አድርጉት!