የመጀመሪያይቱን ሌሊት ማደሪያ ስለ መያዝ

ወደ ቅዱስ ቦታ በእግሩ ሊሳለም የሚነሣ ሰው፣ ስንቁን ከቋጠረ፣ ጫማውን ከእግሩ ጋር ካላመደና ቤቱን ለሚጠብቅለት አደራ ከሰጠ በኋላ፣ አንዲት ነገር ሳይቈርጥ ከደጁ መውጣት አይገባውም እላለሁ፤ ይኸውም የመጀመሪያይቱን ሌሊት በማን ቤት እንደሚያድር ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሌሊቶች ግን ለመንገዱና ለመንገዱ ባለቤት ሊተዋቸው ይገባል። እነዚህ ሁለት አሳቦች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ የሚመስሉት ሰው ቢኖር፣ ሁለቱም ለባልንጀራ ከማሰብ የሚመነጩ መሆናቸውን ላስረዳው እሞክራለሁ።

የምናገረው ስለ ቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ በኢየሩሳሌም በሄሮድስ ሰይፍ ሰማዕትነትን የተቀበለ፣ በእኛም ስንክሳር ሚያዝያ 17 ቀን የሚታሰብ ሲሆን፣ የምዕራብ ክርስቲያኖች ዐፅሙ በእስፓኝ ምድር፣ በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ አርፏል ብለው ስለሚያምኑ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ከየአገሩ ወደዚያች ከተማ በእግራቸው ሲጐርፉ ኖረዋል። ወደዚያ ከሚያደርሱት መንገዶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚሄድበት የፈረንሳይ መንገድ የሚባለው ነው፤ እርሱንም ከመነሻው ጀምሮ ልሂድ የሚል ሰው በፈረንሳይ ጠረፍ ካለችው የባስኮች ከተማ፣ ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ፣ የፒሬኔን ተራራ ተሻግሮ፣ ሰሜን እስፓኝን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ፣ 780 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ወር ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሳል።

የዚህ መንገድ ጠባይ ልዩ የሚሆነው እጅግ ከባድ ከሚባሉት ቀኖቹ አንዱ የመጀመሪያው በመሆኑ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ170 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ መንገደኛው በዚያው ዕለት ከ1,400 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ሌፖዴር በር ወጥቶ፣ ከዚያ በጫካው ውስጥ ቍልቍል ወርዶ፣ 950 ሜትር ላይ ወዳለው ወደ ሮንሴስባዬስ ገዳም መድረስ አለበት፤ ርቀቱም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው በግና ፈረስ የሚሰማራበት ገላጣ መስክ ስለ ሆነ፣ ነፋስ ሲነሣ መጠለያ፣ ጭጋግ ሲወርድ ምልክት አይገኝበትም። በዚያ በበረዶ የጠፉና የሞቱ መንገደኞች ስለ ነበሩም፣ የናቫራ ባለሥልጣኖች በፈረንጆች አቈጣጠር ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ቀን መንገዱን ይዘጉታል፤ በዚያ ወራት የሚመጣው ሰው በሸለቆው በባልካርሎስ በኩል እንዲሄድ ይገደዳል። ይህን ሁሉ የሚጋፈጠው ደግሞ ትከሻው ጓዙን ገና ያልለመደ፣ ጉልበቱ ያልጠና፣ ምናልባትም ከረጅም የባቡርና የአውሮፕላን ጉዞ በኋላ እንቅልፉን ያልጠገበ ሰው ነው።

ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሰው ቀኑን ከሁለት ይከፍለዋል። ከከተማይቱ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኦሪሶን የምትባል ማረፊያ አለች። አልጋዎቿ ጥቂት ስለ ሆኑና በዚያ ሽቅብ ላይ ሌላ ብዙ ቤት ስለሌለ፣ በጸደይና በበልግ አስቀድሞ ያላስያዘ ሰው ደርሶ አልጋ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ሊያደርግ አይችልም። እዚያ ያደረ ሰው የሚያስታውሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ውኃ ስለሚቈጠብ፣ ለገላ መታጠቢያ የምትሰጠው ትንሽ ሳንቲም መሰል ነገር ናት፤ እርሷን ከመሣሪያው ውስጥ ሲጨምሯት ሙቅ ውኃ ለአምስት ደቂቃ ይወርዳል፣ ከዚያም ይቈማል። ሁለተኛው ራቱ ነው። በረጅሙ ገበታ ዙሪያ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ከበላ በኋላ፣ እያንዳንዱ በተራው እየተነሣ ስሙን፣ አገሩንና የመጣበትን ምክንያት ይናገራል። አንዱ ሚስቱን ቀብሮ መምጣቱን፣ አንዲቱ ልጇ ከሕመም ስለ ዳነ ስእለት ልትፈጽም መምጣቷን፣ አንዱም ምክንያቱን ገና እንደማያውቀው ይናገራል፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ባለው መንገድ ላይ እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ እንደ ዘመድ ይጠያየቃሉ። የመጀመሪያይቱ ሌሊት ታላቅነቷ በዚህ ነው፤ ማኅበሩ የሚመሠረተው በእርሷ ነውና።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ። ተሳላሚ ነገውን ለእግዚአብሔር የሰጠ ሰው ነው፤ ሐዋርያትም ያለ ከረጢትና ያለ ስንቅ ተልከዋል፤ አልጋ ማስያዝ እምነትን ማጉደል አይሆንምን ይላሉ። ለዚህ የምሰጠው መልስ ከዚያው ከተራራው ታሪክ የተወሰደ ነው። በሮንሴስባዬስ ለተሳላሚዎች የተሠራው ቤተ እንግዳ በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በፓምፕሎና ጳጳስ በሳንቾ ዴ ላሮሳ ጊዜ የተመሠረተ ነው፤ ጤነኛውንም ሕመምተኛውንም፣ ክርስቲያኑንም ክርስቲያን ያልሆነውንም በመቀበል ስሙ የታወቀ ነበረ። ከእርሱ በላይ ባለው በኢባኜታ በር ላይ፣ ጭጋግ ሲወርድ መንገዱን የሳተ ሰው ድምፁን እየተከተለ እንዲመጣ ደወል ይደወል ነበር። በዚያው መቶ ዓመት በላቲን የተጻፈው የተሳላሚዎች መምሪያ፣ እግዚአብሔር ለድኾች ድጋፍ ያቆማቸው ሦስት ታላላቅ ቤተ እንግዶች አሉ ብሎ የኢየሩሳሌሙን፣ በአልፕስ ተራራ ያለውንና በሶምፖርት በር ያለውን ቅድስት ክርስቲናን ሲቈጥር፣ ሁለቱ የተሠሩት ሰው በብርድና በድካም በሚወድቅባቸው በሮች ላይ መሆናቸውን ልብ ይሏል። እንግዲህ የጥንቱ ተሳላሚ ማደሪያው ያልታሰበለት ሰው አልነበረም። አልጋው ከእርሱ መወለድ በፊት ተይዞለት ነበር፤ ያስያዘለትም ርስቱንና ገንዘቡን ለቤቱ የሰጠ የማያውቀው ሰው ምጽዋት ነው። አልጋው ግን በማንም ስም አልተጻፈም ነበርና፣ በዚያ ማታ ደክሞ የደረሰ ሁሉ ይተኛበት ነበር።

ያ ምጽዋት ዛሬ በአብዛኛው ቀርቶ ቤቶቹ በኪራይ በሚኖሩበት ዘመን፣ በተራራው ላይ የመጀመሪያይቱን ሌሊት አልጋ የሚያስይዝ ሰው፣ ጭጋግ ሲወርድ ሌሎች ሰዎች ፋኖስ ይዘው እንዲፈልጉት የሚያደርግ ድፍረት እንዳይፈጽም ራሱን ይጠብቃል። ትዕቢቱ ወይም ቸልተኝነቱ የሚያመጣው ጣጣ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርምና፣ ይህን ጥንቃቄ ከእምነት ማነስ አልቈጥረውም።

ነገር ግን ተራራው ካለፈ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። መንደሩ ይበዛል፣ ማረፊያው ይበዛል፣ እግሩም ይጠናል። በዚህ ጊዜ እስከ ሳንቲያጎ ያሉትን ሌሊቶች ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ያስያዘ ሰው፣ አንድ ቀን ቢታመም ማረፍ፣ አንድ ቀን ቢበረታ መጨመር፣ ባልንጀራው ወደ ኋላ ቢቀር አብሮት መቈየት አይችልም፤ ያስያዘው አልጋ ይጠራዋልና። በኦሪሶን ማዕድ የተዋወቃቸውን ሰዎች በሦስተኛው ቀን ጥሏቸው የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህም የሚከፋው ለሌላው የሚተርፈው ጉዳት ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የኦ ሴብሬይሮ መንደር ካህን ኤልያስ ቫሊኛ መንገዱ እንዳይጠፋ በቢጫ ቀለም ቀስት እየሣሉ በሚያመለክቱበት ጊዜ፣ በሳንቲያጎ የምስክር ወረቀት የሚቀበለው ተሳላሚ በዓመት ከ3,000 በታች ነበር፤ በ2024 ግን ቍጥሩ ወደ 500,000 ተጠግቷል። ሰው ሲበዛ ስጋት ይበዛል፤ ስጋት ሲበዛ ሁሉም አልጋ ለመያዝ ይሽቀዳደማል፤ ያላስያዘው ደግሞ ተራውን አገኝ ብሎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በባትሪ ብርሃን ይነሣል። ጸሎተ ነግህ ሊደረስበት በሚገባው ሰዓት የሚሰማው የላስቲክ ከረጢት መንኰሻኰሽና የሩጫ ኮቴ ሆነ።

በካስቲያ ሜዳ ካሉት መንደሮች በአንዲቱ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም ነበር፤ በማረፊያው ቤት በር ላይ ሙሉ ነው የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ተረከዙን በሁለቱም እግሩ በጨርቅ የጠመጠመ አንድ ሽማግሌ ከደጁ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። የቤቱ እመቤት ውኃ ሰጠችው፤ አዘነችለትም፤ ነገር ግን አልጋዎቹ ስማቸው በተጻፈ ሰዎች ተይዘዋልና ወደ ሚቀጥለው መንደር ሂድ ከማለት በቀር የምትለው አልነበራትም። እርሱም አመስግኗት፣ በትሩን ተደግፎ ተነሥቶ፣ በቀስታ ሄደ። በዚያች ማታ በክፍሉ ውስጥ ያስያዟቸው ሰዎች ስም በትራሱ ላይ የተቀመጠባቸው ሁለት አልጋዎች ባዶአቸውን አደሩ። ሰዎቹ ከሌላ ቦታም አስይዘው ኖሮ ወደ ተመቻቸው ሄደዋል፤ እንደማይመጡም አልተናገሩም። ለእኔ ይህ ከድኻ ላይ አልጋ መስረቅ ነው፤ የሰረቀውም ሰው የማን እንደ ሰረቀ አያውቅም።

መንገዱ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በጋሊሲያ አገር መንግሥቱ የሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች አልጋ አያስይዙም፤ በእግሩ ቀድሞ የደረሰ ይተኛል፣ በማግሥቱም ጤነኛ የሆነ ሁሉ ለቅቆ ይሄዳል። በሮንሴስባዬስም ከሆላንድ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች በየተራ እየተተካኩ 183 አልጋ ባለው ትልቅ ማረፊያ ተሳላሚውን ይቀበላሉ፤ በቤተ ክርስቲያኑም በማታ ቅዳሴ ላይ ካህናቱ መንገደኞቹን ይባርካሉ። ከሁሉም ይልቅ የምወደው በግራኞን መንደር የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ተሳላሚው በግንቡ ውስጥ ባለው ደረጃ ወጥቶ፣ ከወለሉ ላይ በተነጠፈ ስስ ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ ራቱን ከሌሎች ጋር አብስሎ፣ ከሌሎች ጋር ይበላል። በመግቢያው ያለው የገንዘብ ሣጥን ክዳኑ ክፍት ነው፤ ያለው እንዲተው፣ የቸገረውም ከውስጡ እንዲወስድ ይፈቅዳል። አልጋ ማስያዝ በዚያ የለም።

እኛ ይህን ሥርዐት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ ሲል፣ ቤት ለእንግዳ ብሎ የሚመልስ ሕዝብ ነን። አባቶቻችንም ከአገራቸው ርቀው ሲሄዱ በዚሁ ዐይነት ማደሪያ ኖረዋል፤ ከኢየሩሳሌም ተሻግረው ሮም የደረሱት መነኮሳት ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ በ15ኛው መቶ ዓመት የተሰጣቸው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ባይኖር ኖሮ፣ አባ ተስፋ ጽዮን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያች ከተማ ለማሳተም የሚያርፍበት ጣራ ባላገኘም ነበር። በልደት በዓል ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚመጡትን ተሳላሚዎች የከተማው ሰዎች እግራቸውን እያጠቡ የሚቀበሉት ልማድም የዚህ ሥርዐት ወገን ነው። ዛሬ በዚያው በዓል የሆቴሉ ክፍል በሩቅ ሆኖ በስልክ ለሚያስይዘው ሰው ሲያዝ፣ ቀናትን በእግሩ ተጕዞ የደረሰው ገበሬ በጋቢው ተጠቅልሎ በሜዳ ያድራል፤ ስለ እስፓኙ መንገድ የምጨነቀውም ይህንኑ ስለማይ ነው።

ሽማግሌዎች፣ ሕመምተኞች፣ ሕፃናት የያዙ ወላጆች በየሌሊቱ ቢያስይዙ የሚነቅፋቸው አይኖርም፤ እነርሱን ከደጅ ማሳደር ጭካኔ ነው። ቤት ያላቸው ሰዎችም ከዚህ ሥራ የሚኖሩ ናቸውና፣ አልጋቸውን ሁሉ ለምጽዋት ይክፈቱት አልልም። የምለምነው ይህን ነው፦ የጸና ጤና ያለው ሰው የመጀመሪያይቱን ሌሊት ብቻ ያስይዝ፤ ያስያዘ ሰው መምጣቱ ቢቀር በዚያው ቀን ጧት ይናገር፤ ባለቤቱም ከአልጋዎቹ ጥቂቱን በእግሩ ለሚደርስ ሰው እስከ ማታ ያቈይ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ያልመጣና ወሬውም ያልተሰማ ሰው አልጋ በደጅ ለቆመው መንገደኛ ይሰጥ፤ የቀረው ሰው የከፈለው ቀብድም ለዚያ መንገደኛ ራት ይዋል።