የመሳቢያው ቦክስ ሥራ አገኘ

እስቲ የቴሌቪዥን ማስቀመጫችሁን መሳቢያ ክፈቱት። ከተበላሹ ሪሞቶች፣ ባለቤታቸው ከማይታወቅ ቻርጀሮችና ካለቁ ባትሪዎች ሥር አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አትጠፋም። የእኛ ቤቷን ወንድሜ ከስድስት ዓመት በፊት ከውጭ ሲመጣ ነበር ያመጣልን። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አይቷታል። ዘንድሮ ግን አንዱን አፕሊኬሽን ስንከፍት «ይህ መሣሪያ ከእንግዲህ አገልግሎት አያገኝም» ይለናል፤ ሌላው ጭራሽ አልከፈት አለ። ባለቤቴ «በቃ ትጣል» አለ።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። «ያለውን ትታችሁ አዲሱን ግዙ» የሚለውን ሐሳብ በሰባት ዓይነት አማርኛ ጽፌ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ጊዜው አልፎበታል ሲሉኝ፣ «ያለፈበት ምኑ ነው?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። እናንተም ቦክሳችሁን ከመጣላችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁ።

ያረጀው ምኑ ነው?

ቦክሱ በሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው በእጃችሁ ያለው ዕቃ ነው፤ ምስል የሚፈታው ቺፕ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳው። ሁለተኛው ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ የኩባንያ ሰርቨር ነው። ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚከዳን ሁለተኛው ነው። ኔትፍሊክስ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ የቆዩ የሮኩ ቦክሶችና የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራት አቆመ። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዩቲዩብ አፕሊኬሽን ከሦስተኛው ትውልድ አፕል ቲቪ ላይ ተነሣ። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ያሉ ሁለተኛ ትውልድ የጉግል ክሮምካስቶች በአንድ ጊዜ ሥራ አቁመው ሰው ሁሉ ተበላሸብኝ ብሎ ነበር፤ ለካስ ጊዜው ያለፈው በውስጣቸው ያለ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ኖሯል። ኩባንያው ማስተካከያ ሲልክ ዕቃዎቹ እንደገና ሠሩ።

ስለዚህ ቦክሱ ከሰርቨሩ ተቆርጦ ቤት ውስጥ ያለውን ፋይል ብቻ እንዲያጫውት ብናደርገውስ? ይህን ያሰቡት ሌሎች ናቸው። ኮዲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በ2002 እ.ኤ.አ. ገደማ በፈቃደኞች ሲጀመር ለመጀመሪያው ኤክስቦክስ የጨዋታ ማሽን የተሠራ ነበር፤ አሁን የያዘውን ስም ያገኘው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ባለ 40 ጊጋባይቱን የመጀመሪያውን አፕል ቲቪም ሰዎች በዚሁ ፕሮግራም አማካይነት የቤት ሲኒማ አድርገውታል። ኮዲ ራሱ ምንም ፊልም ይዞ አይመጣም። እናንተ የምትሰጡትን ፊልም፣ ሙዚቃና ፎቶ በሥርዓት ደርድሮ በሪሞት ያቀርብላችኋል።

እኔ ለምን ፈለግሁት?

መጀመሪያ ያሰብኩት ዳታ ለመቆጠብ ነበር። ልጆች አንድ ፊልም ከወደዱ አሥር ጊዜ ያያሉ። ሁለት ጊጋባይት የሚሆን ፊልም አሥር ጊዜ ከኢንተርኔት ሲታይ 20 ጊጋባይት ነው፤ ዲስክ ላይ ካለ ግን ለአሥረኛውም ጊዜ ሳንቲም አይከፈልበትም። አንድ ቴራባይት ዲስክ እንዲህ ያሉ 500 ያህል ፊልሞች ይይዛል።

ሁለተኛው ምክንያት የመጣው ከእናቴ ነው። እናቴ የዋግ ኽምራ ሰው ናት፤ የተወለደችው አበርገሌ ነው። አበርገሌን የማታውቁት ካላችሁ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲወረድ የምትገኝ ቆላ ናት፤ በስሟ የሚጠራ የፍየል ዝርያ አላት። የወረዳዋ ከተማ ኒሯቅ ትባላለች። ቤተሰቡ የሚናገረው ኽምጥኛ ነው፤ ከአዊኛ፣ ከቅማንትኛና ኤርትራ ውስጥ ከሚነገረው ብሊን ጋር ከአንድ የአገው ግንድ የወጣ ቋንቋ። እኔ አዲስ አበባ ስላደግሁ ሰላምታውንና የቁጣ ቃላቱን ብቻ ይዤ ቀረሁ። ልጆቼ ደግሞ እሱንም አላገኙም።

በጦርነቱ ጊዜ ስልክም መብራትም ተቋርጦ የአያቴን ድምፅ ሳንሰማ ወራት አለፉ። እሳቸውም እንደ ብዙ የአበርገሌ ሰው ተፈናቅለው ሰቆጣ ከርመዋል። በእነዚያ ወራት በእጃችን የነበረው በወንድሜ ስልክ ላይ የቀረ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ብቻ ነበር። እናቴ ማታ ማታ ስልኩን ትዋሳለች፤ በጠባቧ ስክሪን ታየውና ትመልሳለች። መንገዱ ተከፍቶ አያቴም ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ወንድሜ ሄዶ ብዙ ቀርጾ መጣ። ግን ቪዲዮው በሦስት ስልክ፣ በሁለት ፍላሽና በቴሌግራም ላይ ተበትኖ ቀረ። የተበተነ ነገር ደግሞ ማንም አያየውም።

እንዴት ተሠራ?

በመጀመሪያ ቦክሱን ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ መልሱት። አሮጌ ፓስወርዶች ይጠፋሉ፤ የሞላው ማኅደረ ትውስታም ይለቃል። ከዚያ «ሴቲንግ» ውስጥ ገብታችሁ የአንድሮይድ ቁጥሩን እዩ። ኮዲ ከ17ኛው እትሙ ጀምሮ አንድሮይድ 5 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ በ4.2 ለቀረ ቦክስ 16ኛው እትም ይሆነዋል። የመተግበሪያ መደብሩ የማይከፈት ከሆነ ፕሮግራሙን ከራሱ ከኮዲ ድረ ገጽ በኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ አስገቡት። አምራቹ ሌላ ፕሮግራም እንዳይገባበት የቆለፈው ቦክስም አለ። እሱ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ቀጥሎ ዲስኩ ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። ቦክሱ ላይ የሰካሁት ሃርድ ዲስክ እየተንጫጫ ይነሣና ይጠፋል። የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ችግሩ ግን የቦክሱ ዩኤስቢ ዲስኩን ለማዞር የሚበቃ ኃይል አለመስጠቱ ነው። የራሱ አዳፕተር ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ስገዛ ተስተካከለ። ለትንሽ ስብስብ ደግሞ ባለ 128 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል እንደማይቀበልም አትርሱ።

ከዚያ ፋይሎቹን መልክ አስይዙ። እኛ «ፊልም»፣ «ልጆች»፣ «ሠርግና ክርስትና»፣ «አበርገሌ» የሚሉ አራት ፎልደሮች ከፍተናል። እያንዳንዱን ቪዲዮ በዓመት፣ በቦታና በሰው ስም ጠርተነዋል፤ «2015 ኒሯቅ እማማ ፍየሎች» እንደማለት። ይህን ሥራ ለብቻችሁ አትሥሩት። ማን ማን እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አጠገባችሁ ይቀመጡ። የሠርጋችሁ ካሴት ቪኤችኤስ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ፋይል አስገልብጡት፤ ካሴት እየቆየ ይበላሻል።

ቦክሳችሁ ዩኤስቢ ከሌለው ሌላ መንገድ አለ። ጄሊፊን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አንድ ላፕቶፕ ላይ ብትጭኑ፣ ላፕቶፑ በቤት ዋይፋይ ለቴሌቪዥኑም ለስልኮቹም ፊልም ያቀርባል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኔትወርክ በጠፋበት ቀንም ቤት ውስጥ ያለው ዋይፋይ ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማሻሻያ የማያገኝ ቦክስ ኢንተርኔት ላይ ሲውል ለአደጋ ይጋለጣል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ባድቦክስ 2.0 በሚባል ሰርጎ ገብ ፕሮግራም ስለተያዙ ርካሽ የቴሌቪዥን ቦክሶች ሕዝብ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ሲያልቅ ዋይፋዩን አጥፉት፤ የኢሜይልም የባንክም አካውንት አትክፈቱበት። «ሁሉም ፊልም በነፃ» እየተባሉ የሚሸጡ ተጨማሪዎችንም ተዉአቸው። የሰው ሥራ መስረቅ መሆኑ ሳያንስ፣ ቫይረስ የሚገባውም በዚያ በኩል ነው።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

ቅዳሜ ማታ ሁሉም ተዘጋጀ። ልጆቹ ካርቱን ጠብቀዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ «አበርገሌ» የሚለውን ከፈትኩ። የአያቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ልጄ «እማማ የታለች?» አለች። ሪሞቱን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል፣ እናቴ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀና አለች። አያቴ አንድ ነገር ጠየቁ፤ እናቴ ለቴሌቪዥኑ መለሰችለት። በኽምጥኛ። አያቴ ቀጠሉ፤ እናቴም ቀጠለች። እኛ ቤት ከገባች አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ቋንቋ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከማን ጋር ትናገረው?

የምስሉ ነገር ቀላል ሆኖ ተገኘ። አዳዲስ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ኤች 265 በሚባል አሠራር ይቀርጻሉ፤ አሮጌ ቦክስ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ኤች 264ን ብቻ ነው። ሃንድብሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሌሊቱን ላፕቶፕ ላይ ለወጥኳቸው፤ በነጋታው ምስሉ መጣ። እናንተም ድምፅ ኖሮ ምስል ከጠፋ ቦክሱን አትውቀሱ፤ ፋይሉን ለውጡ።

አሁን እናቴ ተርጓሚ ሆናለች። አያቴ እንቆቅልሽ ሲጠይቁ ቪዲዮውን ታቆማለች፤ በአማርኛ ትነግራቸዋለች፤ ልጆቹ ይገምታሉ። የሰባት ዓመቷ ልጄ አያቴ ፍየሎቹን የሚጠሩበትን ጥሪ ይዛ ቤቱን ታስጮኸዋለች። ቋንቋውን ቻሉት አልላችሁም፤ ካርቱን አሁንም ያሸንፋል። ነገር ግን ልጄ ባለፈው ሳምንት «ይሄን ቃል እማማ እንዴት ትለዋለች?» ብላ እናቴን ጠይቃታለች። ያን ጥያቄ እኔ በልጅነቴ ጠይቄ አላውቅም።

የዲስኩን ሁለተኛ ቅጂ ወንድሜ ወደ ኒሯቅ ወሰደው። ለማንኛውም ዲስክ ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ባይቀመጡ ደግሞ ይሻላል። በዋግ ቆላ ጫፍ የሚያልፈው ተከዜ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ አጎቴ ቤት ግን መብራት የሚመጣው ከጣራው ሶላር ነው። በአሥራ ሁለት ቮልት የሚሠራ ትንሽ ቴሌቪዥን አለው፤ ፍላሽ ሲሰካበት ይጫወታል። እዚያ ሳጥኗም አላስፈለገች። አያቴ ራሳቸውን በቴሌቪዥን ሲያዩ ያሉትን ወንድሜ ቀርጾ ልኮልናል። «አበርገሌ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ገብቷል፤ በኤች 264።

ነሐሴ 16 ሲደርስ በዋግ የልጃገረዶች በዓል፣ ሻደይ፣ ይጀመራል። የእናንተ አገር ሌላ በዓል ይኖረዋል። በዚህ ዓመት ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ከዳንሱና ከድግሱ በተጨማሪ፣ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጣችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ቅረጹ። ስም፣ ዓመትና ቦታ ጻፉበት። ማሳያ ከየት እናመጣለን እንዳትሉ፤ መሳቢያችሁ ውስጥ አለ።