ዓድዋ የዋካንዳ ጓሮ ናትን?

ማርቭል የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦገስት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) «የዋካንዳ ዓይኖች» የተባለ ባለ አራት ክፍል የአኒሜሽን ተከታታይ በዲዝኒ ፕላስ ለቋል። ተከታታዩ በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለምን ካነጋገረው «ብላክ ፓንተር» ፊልም የተቀዳ ሲሆን፣ ከምናባዊቷ የአፍሪቃ አገር ከዋካንዳ የወጡ ቅርሶችን ለማስመለስ በየዘመኑ የተላኩ ሰላዮችን ገድል ይተርካል። ቀርጤስን፣ ትሮይንና ቻይናን አዳርሶ በአራተኛው ክፍል የሚያርፈው በእኛው አገር ነው፤ ዘመኑም 1896 እ.ኤ.አ.፣ የዓድዋ ዘመን።

ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለው ፊልም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከአወቱ መንደራ ወጣቶችም ሆነ ከተማሪዎች የሰማሁት አስተያየት በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ተደስተዋል፤ ዓድዋ በማርቭል ዓለም ውስጥ ስፍራ ማግኘቷ ለእነርሱ የክብር ምልክት ነው። ሁለተኛዎቹ ተቆጥተዋል፤ እውነተኛው ድል ለፈጠራ አገር ልዑል መድረክ ሆነ ይላሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ፊልሙን ትተው የቆየውን ጥያቄ ያነሳሉ፦ ለመሆኑ ዓድዋ የማን ናት? እኛስ በታሪኩ ውስጥ የት አለን?

ሦስቱም አስተያየቶች የየራሳቸው እውነት አላቸው። ደስተኞቹን በተመለከተ፣ ዋና አዘጋጆቹ ቶድ ሃሪስና ራያን ኩግለር ጥቁር አሜሪካውያን መሆናቸውን ማስታወስ ያሻል። የዓድዋ ድል ከኢትዮጵያ ድንበር ተሻግሮ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ መጽናኛ ሆኖ የኖረ በመሆኑ፣ እነርሱ ወደ ዓድዋ ሲመጡ እንደ ዘመድ እንጂ እንደ ወራሪ መቆጠር የለባቸውም። የተቆጡትም ያለ ምክንያት አልተቆጡም። የክፍሉ ባለታሪኮች የዋካንዳው ልዑል ታፋሪና አዛውንቱ መምህሩ ኩዳ ናቸው። የልዑሉ ስም ከእኛው ራስ ተፈሪ የተወሰደ ይመስላል። ይሁን እንጂ ታሪኩ የዋካንዳ እንጂ የኢትዮጵያ አይደለም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ከመድረክነቱ ይልቅ ልንወያይበት የሚገባው የታሪኩ ፍሬ ነገር ነው። በክፍሉ ውስጥ ከመጪው ዘመን የመጣች ተዋጊ ለልዑሉ አንድ መርዶ ትነግረዋለች፦ ቅርሱ የሆነው መጥረቢያ ወደ ዋካንዳ ከተመለሰ አገሪቱ ለዓለም እንደ ተዘጋች ትቀራለች፤ ከዚያም ጥፋት ይመጣል። መፍትሔው ቅርሱ በባዕድ እጅ እንዲቀር መተው ነው። ለተረት ያምራል። በመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተዘረፉ የብራና መጻሕፍትና ታቦታት ዛሬም ድረስ ለንደን ውስጥ ለሚገኙባት አገር ተመልካች ግን ይህ ቀላል ቀልድ አይደለም። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ በ2005 እ.ኤ.አ. እስኪመለስ ድረስ ስንት ደብዳቤ ተጻፈ፣ ስንት ደጅ ተጠና! «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላንም ከጣሊያን አገሯ የገባችው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ቅርስ በባዕድ አገር በመቆየቱ ዓለም ሲድን አላየንም።

ከዚህም በላይ ዋካንዳ ነጻነቷን የጠበቀችው በመደበቅና ቫይብራኒየም በሚባል ተአምረኛ ብረት ነው። ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ያሸነፈችው ግን በተቃራኒው መንገድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጠመንጃ የገዙት በግልጽ ገበያ፣ ከፈረንሳይና ከራሷ ከጣሊያን ሳይቀር ነበር። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ሆኖ ሲገኝ፣ ጉዳዩን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አሳውቀው በ1893 እ.ኤ.አ. ውሉን አፈረሱ። የመቀሌው ምሽግ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ተይዞ ተጨነቀ። ገበሬው ከክፉ ቀን ረሃብ ገና ሳያገግም ስንቁን ተሸክሞ ዘመተ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል የተገኘው በዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ስለ «ዓይኖች» ከተነሳም፣ ዓድዋ የራሷ ዓይን ነበራት። ባሻ አውዓሎም ለጣሊያኖች የሚሰልል መስሎ ጄኔራል ባራቲየሪን የኢትዮጵያ ጦር ተበታትኗል ብሎ ያሳመነ ሰው ነው። ጥፍሩ ከብረት አልተሠራም፤ መሣሪያው ምላሱና ብልሃቱ ነበር። ይህን የመሰለ ባለታሪክ እያለን ሌሎች በእኛ ሜዳ የራሳቸውን ሰላይ ቢያሰልፉ ጥፋቱ የማን ነው? ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. «ዓድዋ»ን በጥናታዊ ፊልም ሠርቷል፤ በስራት ደበበም በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በሥዕል መጽሐፍ አቅርቧል። የሚያሳዝነው ከእነርሱ ኋላ የተሰለፈው ሰው ማነሱ ነው።

የሦስተኞቹ ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ጅማ ለምትኖር ወጣት የምኒልክ ዘመን ዓድዋ ብቻ አይደለም፤ የመስፋፋት ዘመንም ነው። ሆኖም የዚህችው ከተማ ታሪክ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ግብር እየከፈሉ፣ እየተደራደሩና የሂርማታን ገበያ ለነጋዴ ክፍት አድርገው የጅማን የውስጥ አስተዳደር እስከ ዘመናቸው ማብቂያ በእጃቸው አቆዩ። መንግሥታቸውን ያቆዩት በመደበቅ አልነበረም፤ ተአምረኛ ብረትም አልነበራቸውም። ጂሬን ላይ የቆመው ቤተ መንግሥታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

የልዕለ ጀግና ተረት አንድ አደገኛ ትምህርት አለው፤ ሁሉንም ችግር የሚፈታ አንድ ሰው ይመጣል የሚል። ይህ ተረት በፊልም ሲታይ መዝናኛ ነው፤ በፖለቲካ ሲታመን ግን መዘዙ ብዙ ነው። እኛ በየዘመኑ አንዱን ሰው አንግሠን፣ ተስፋችንን ሁሉ ጭነንበት፣ ሲያቅተው ደግሞ ረግመን ሌላ እንጠብቃለን። የዓድዋን ድልም ይህንኑ ልማድ ተከትለን ወይ ለአንድ ንጉሥ ጠቅልለን እንሰጣለን፣ ወይ በዚያው ንጉሥ ምክንያት ጠቅልለን እንክዳለን። ሁለቱም ወገን ስንቁን ተሸክሞ የዘመተውን ሰው ይረሳዋል።

ስለዚህ ማርቭልን ማመስገንም ሆነ መውቀስ ብዙ አይጠቅመንም። የሚጠቅመን ያንን ስንቅ ተሸካሚ በራሳችን ቋንቋዎች፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በትግርኛም፣ መልሶ ወደ መድረኩ ማምጣት ነው። ያን ጊዜ ተማሪዎቻችን «እኛስ የት አለን?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን ከዋካንዳ አይጠብቁም።

ቸር ይግጠመን።